ሳክስፎን ሲያጓራ ተበላሸ አይባልም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ሰሞኑን በባህል ገጻችሁ ላይ ስለ አንድ የምሽት ኮንሰርት የወጣውን ጽሑፍ አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ጸሐፊው፣ ወጣቱ ሳክስፎኒስት እዚያው መድረክ ላይ እየፈጠረ ሲጫወት ያወጣቸውን ድምፆች «የፈረንጅ ጩኸት» ብሎ አለፋቸው። አልጣመኝም ማለት መብቱ ነው። የፈረንጅ ነው ማለት ግን ልክ አይደለም። ጩኸት ነው ማለት ደግሞ የልጁን ልፋት መና ማስቀረት ነው።

እስቲ ጋሽ ጌታቸው መኩሪያን እናንሳ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከማዘጋጃ ቤት ባንድ ተነስተው፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር አልፈው፣ ፖሊስ ኦርኬስትራ የደረሱ ሰው ናቸው። በ1950ዎቹ ሽለላን ከሰው ጉሮሮ ወስደው ቴነር ሳክስፎን ላይ አመጡት። የአንበሳ ጎፈር ደፍተው መድረክ ላይ ሲወጡ ሳክስፎኑ ራሱ ይፎክር ነበር። ሽለላ ይሻክራል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ቃሉ ተጎትቶ ተጎትቶ በድንገት ይቆረጣል፤ ይህን በለስላሳ የኦርኬስትራ ድምፅ ልጫወተው ብትሉ አይሆንም። በ2003 የወጣውን የኢትዮፒክስ (የቆዩ የኢትዮጵያ ሙዚቃዎች የሲዲ ተከታታይ) 14ኛ ቅጽ ስሙት። የውጭ ሰዎች ሲሰሟቸው የአሜሪካኖቹን የፍሪ ጃዝ ሳክስፎኒስቶች ኦርኔት ኮልማንንና አልበርት አይለርን ያነሳሉ። አይለር የመጀመሪያ ሙዚቃውን የቀዳው እኮ በ1962 ነው። ታዲያ ማን ከማን ቀዳ?

አሁን ስለ ድምፆቹ። ማጓራት የሚመጣው እየነፉ በጉሮሮ ከማንጎራጎር ነው። የጉሮሮው ድምፅና የሪዱ (አፍ ላይ የምትገባው፣ ስትነፋ የምትንቀጠቀጠው ቀጭን የሸምበቆ ቁራጭ) ድምፅ ይጋጫሉ፣ ሻካራው ከዚያ ይወጣል። ሁለቱ አንድ ኖታ ላይ ከተገናኙ ግን ድምፁ ይለሰልሳል፤ ስለዚህ ተጫዋቹ በጣቱ አንድ ዜማ፣ በጉሮሮው ሌላ ዜማ ይዞ መሄድ አለበት። ሽለላና ቀረርቶ እየሰማ ላደገ ልጅ ይህ ሩቅ አይመስለኝም።

ሁለት ሦስት ድምፅ በአንዴ ማውጣት ደግሞ ከዚህም ይከብዳል። ሳክስፎን የተሠራው በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ እንዲሰጥ ነው። ከተዘጉት ቁልፎች መሃል አንዱን ስትከፍቱ ግን በቱቦው ውስጥ ያለው አየር እንደ ረጅምም እንደ አጭርም ቱቦ ባንድ ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የከንፈርና የጉሮሮ ነው። ከንፈር ትንሽ ከጠበቀ ላይኛው ድምፅ ብቻ ይቀራል፣ ትንሽ ከላላ ታችኛው ይውጠዋል፣ መሃሉን ማግኘት ወራት ይፈጃል፣ ሪድ በቀየራችሁ ቁጥር ደግሞ እንደገና መፈለግ ነው። አሜሪካዊው የጃዝ ሳክስፎኒስት ጆን ኮልትሬን በ1959 «ሃርሞኒክ» የተባለውን ሙዚቃ ሲቀዳ ተጠቅሞበታል። ይህን ለኮልትሬን ካሳዩት ሰዎች አንዱ ቴሎኒየስ መንክ ነው፤ እሱ እኮ ፒያኖ ተጫዋች ነው! እንግሊዛዊው ሳክስፎኒስት ኢቫን ፓርከር ደግሞ ጉንጩ ውስጥ የቋጠረውን አየር እየገፋ በአፍንጫው ይስባል፣ በሶፕራኖ ሳክስፎኑ ሳያቋርጥ ደቂቃዎችን ይዘልቃል።

እኔ በተማርኩበት ቦታ ጠዋት ማታ «ንጹሕ ድምፅ አውጣ» ነበር። ንጹሕ ድምፅ ያስፈልጋል፣ አልክድም። ግን ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚያሳየን ሰው አልነበረም፤ ተማሪ ሳክስፎኑን ካስጓራ ይቆጡታል፣ አለቀ። እና ልጆቻችን የጋሽ ጌታቸውን ነገር ከውጭ ሰዎች አፍ መስማት ጀመሩ። የሆላንዱ ዘ ኤክስ ባንድ በ2006 «ሞአ አንበሳ» የተባለውን አልበም አብሯቸው ሲሠራ እሳቸው ሰባ ዓመት ገደማ ነበሩ፤ ጊታሮቹ እንደዚያ እየጮኹ እንኳ የእሳቸው ሳክስፎን አልተዋጠም። እዚህ አገር ግን በ2016 እስኪያርፉ ድረስ ስንት ተማሪ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ተማረ? ይህ በጣም ያንገበግበኛል።

ለጸሐፊያችሁ አንድ ግብዣ አለኝ። አንድ ቀን ልምምድ ላይ ይምጣ። ልጁ የታችኛውን ቢ ፍላት (የሳክስፎኑን ዝቅተኛ ኖታ) ይዞ፣ ጣቱን ከቁልፉ ሳያነሳ፣ በጉሮሮው ብቻ ድምፁን ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ ሲያወጣው ይይ። ከዚያ በኋላ የፈለገውን ይጻፍ። እናንተም ስለ ጋሽ ጌታቸው አንድ ሙሉ ገጽ ብትሰጡን ደስ ይለናል፤ አብረዋቸው የተጫወቱ ሰዎች ዛሬም አሉና ሄዳችሁ አነጋግሯቸው።

አንድ ሳክስፎን ተጫዋች
ከአዲስ አበባ