ባደረባት ሕመም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የምኖር የፓርኪንግ ሠራተኛ ነኝ። ጋዜጣችሁን የማነበው ከመጨረሻው ገጽ ጀምሬ ነው፤ ከሙት ዓመት ማስታወቂያው። ዛሬ የምጽፈውም እዚያ ገጽ ላይ ስለማይጠፋ አንድ አባባል ነው። "ባደረባት ሕመም በሕክምና ስትረዳ ቆይታ" ስለሚለው።

እህቴ ደሴ ላይ በ41 ዓመቷ ስታርፍ እኔም ይህንኑ ነው ያስጻፍኩት። ሕመሙ የጡት ካንሰር ነበር። እጢውን ያገኘችው በ38 ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ጠበል ገባች። ሐኪም ቤት ስትደርስ ጊዜው አልፎ ነበር። ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፤ ማንም አፍ አውጥቶ አልተናገረም። ልጆቿ ገና አላገቡም ነበርና "ዘራቸው በሽታ አለበት" እንዳይባሉ ፈራን።

ባለፈው ዓመት ትልቋ ልጄ 26 ሞላትና ከእኔ ኢንሹራንስ ወጣች። አቅም የሌላቸውን የሚያክም ክሊኒክ ሄደች። እዚያ "በቤተሰብሽ የጡት ካንሰር የያዘው ሰው አለ?" ብለው ጠየቋት። "የለም" አለች። አልዋሸችም። እናቷን ጠይቃ ነበር፤ በእናቷ ወገን የለም። ስለ አባቷ ወገን ክሊኒኩም አልጠየቃትም፣ እሷም እኔን አልጠየቀችኝም። ማታ እራት ላይ ይህን ስታወራኝ ጉርሻው አልወርድ አለኝ። "አባዬ፣ ምነው?" አለችኝ። የአክስቷን ነገር ያን ማታ ነገርኳት።

በማግስቱ ደሴ ደወልኩ፣ ለእናቴ ታናሽ እህት። "እናትህም እኮ በዚሁ ነው ያለፈችው" አሉኝ። እኔ "ጨጓራ ነው" እየተባልኩ ነው ያደግሁት። "ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?" ስላቸው "ማን ጠየቀኝ ልጄ?" አሉ። ለጋብቻ ሲሆን ሰባት ቤት እንቆጥራለን። እኔም በእናቴ በኩል እስከ ሰባተኛው ድረስ ስም እጠራለሁ። እናቴ በምን እንደሞተች ግን አላውቅም ነበር።

ከዚያ ልጄን ይዤ ወደ ዘር ምርመራ አማካሪ ሄድኩ። የሚወረሰው ካንሰሩ ራሱ ሳይሆን የተበላሸ ጅን (ዘረመል) ነው አለችን። ከ100 የጡት ካንሰር 5 እስከ 10 የሚሆነው እንዲህ በዘር የሚመጣ ነው። በደንብ የሚታወቁት ጅኖች ቢአርሲኤ 1 እና ቢአርሲኤ 2 ይባላሉ። ከእናትም ከአባትም ይወርዳሉ፤ ለእያንዳንዱ ልጅ የመድረሱ ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው። የተበላሸው ጅን ካለባቸው 10 ሴቶች ከ6 በላይ የሚሆኑት በዕድሜያቸው ዘመን የጡት ካንሰር ሊይዛቸው ይችላል። እዚህ አገር ለሌላው ሴት ማሞግራም (የጡት ራጅ) ከ40 ዓመት ጀምሮ ይመከራል። ጅኑ ላለባት ግን ከ25 ጀምሮ በየዓመቱ ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሳ የሰውነት ምስል)፣ ከ30 በኋላ ደግሞ ማሞግራም ይጨመራል። የእህቴን 38 ዓመት አስቡት።

እህቴ ስለሌለች መጀመሪያ መመርመር ያለብኝ እኔ ነበርኩ። ምራቄን በትንሽ ብልቃጥ ሰጠሁ። ቢአርሲኤ 2 ተገኘብኝ። ለወንዶችም የፕሮስቴት (ወንዶች ያላቸው እጢ) ካንሰር አደጋ ስላለው እኔም ክትትል ጀምሬያለሁ። የልጆቼ ውጤት የራሳቸው ነው፤ እዚህ አልጽፈውም።

ሥራ ቦታ ይህን ሳወራ "ኢንሹራንስ ይከለክሉሃል፣ ከሥራም ያባርሩሃል" ያሉኝ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ሕግ የጤና ኢንሹራንስና አሠሪ በዘር ምርመራ ውጤት እንዳያገሉን ይከለክላል። የሕይወት ኢንሹራንስን ግን አይሸፍንም፤ ይህን ቀድሞ ማወቅ ጥሩ ነው። እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው እናቶች ደግሞ፣ ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። እባካችሁ የገዛ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። ልጅ ፊት ስለ ጡት ማውራት የምታፍር እናት "ምንም የለም" ብላ ትወጣለች።

ክሊኒኮቹ ስለ አባት ወገንም ቢጠይቁ፣ በአማርኛም ቢጠይቁ ደስ ይለኛል። ከእናንተ የምፈልገው ግን ሌላ ነው። ማስታወቂያ ይዞ የሚመጣውን ቤተሰብ "የሕመሙን ስም እንጻፈው?" ብላችሁ ጠይቁልኝ። ካልፈቀደ ይቅር።

የእህቴ ሙት ዓመት በሚቀጥለው ወር ነው። ማስታወቂያውን ራሴ ጽፌ አመጣዋለሁ። "በጡት ካንሰር" የሚለውን እንዳታወጡት።

የሁለት ሴት ልጆች አባት
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ