በሽምብራው ጉዳይ ለደረሳችሁልን ሁሉ፣ እግዜር ይስጥልን

ልጄ ደህና ናት። ደረጃ ላይ ያገኘኝ ሁሉ ስለሚጠይቀኝ አስቀድሜ ልናገር። ያን ዕለት ማመስገኛ ፋታ ስላልነበረ አሁን በጽሑፍ መጥቻለሁ።

ላልሰማ በአጭሩ፦ ቤት ውስጥ የሽሮ እህል እየለቀምን ነበር። የሦስት ዓመቷ ልጄም ሰፌዱ ዳር ቁጭ ብላ «ታግዘናለች»። ድንገት ዝም አለች። ትንሽ ልጅ ያለው ሰው ይህን ዝምታ ያውቀዋል። ዞር ስል በጣቷ አፍንጫዋን እየነካካች «እማዬ፣ ተኝቷል» አለችኝ። ማን? «ሽምብራው!»

ከዚያ ቤቱ በሐኪም ተሞላ። በርበሬ ትሽተትና ታስነጥስ ያለ አለ። ውሃ ጠብ አድርጉበት ያለም አለ። አክስቴ ወረንጦ ይዛ ቀረበች።

ከሁሉ በፊት የማመሰግነው ከታችኛው ፎቅ የመጡትን እትዬን ነው። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ገቡና ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ «ማንም እንዳይነካት» አሉ። ሽምብራ ውሃ ሲጠጣ እንደሚያብጥ የማያውቅ ቤት የለም፤ ማታ ነክረነው ጠዋት እጥፍ ሆኖ ነው የምናገኘው። በዚያች ሰዓት ግን ትዝ ያላቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ወረንጦም ክብ ነገር አይዝም፣ እያንሸራተተ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ልታስነጥስ ስትል ደግሞ መጀመሪያ አየር ወደ ውስጥ ትስባለች፤ ሽምብራው አብሮ ወደ ሳንባ ቢወርድ ሌላ ጣጣ ነበር። ምክር የሚሰጥ ጎረቤት መቼም አይጠፋም። «ተዉ» የሚል ግን እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። እትዬ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ልጅዎ እንደሚያነብልዎት አውቃለሁ።

ሕፃኑን ተቀብላችሁ የያዛችሁልኝ፣ ወጡን ያወረዳችሁልኝ፣ ቤቱን የዘጋችሁልኝ፣ ክበሩልኝ። (ድስቱ አርሯል፣ ግን ምንም አይደል።)

የባጃጁ ልጅ፣ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ፍጥነት ቀንሰህ «አይዞሽ ሚጢ» ስትላት ሰምቼሃለሁ። ሂሳብ ስልህ «ስትመለሱ» አልክ። ስንመለስ የለህም። ይሄ ነገር አልተዋጠልኝም፣ እፈልግሃለሁ።

ክሊኒክ ውስጥ ተራዋን የለቀቀችልንን እናትም አልረሳም።

ወጣቷ ዶክተር ጋ ስንገባ መቆንጠጫ ታነሳለች ብዬ ስጠብቅ «አንቺው ነሽ የምታወጪው» አለችኝ። «የእናት መሳም» የሚባል ዘዴ አለ ለካ። ደህነኛውን የአፍንጫ ቀዳዳ በጣት ደፍኖ፣ አፍን ከልጁ አፍ ገጥሞ፣ ትንሽ ተንፍሶ ትንፋሹ ሲታገድ ባንዴ እፍ ማለት ነው። ከአሥር ልጅ በስድስቱ ያህል ይሠራል፣ እምቢ ካለ በመሣሪያ እናወጣዋለን አለችኝ። ለልጄ ደግሞ «እማዬ ልትስምሽ ነው» አለቻት። መጀመሪያ በሳቅ ፈረሰችና አልሆነም። ደግሜ እፍ ስል ሽምብራው ከነንፍጡ ጉንጬ ላይ ተለጠፈ። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። እሷ እቴ! «እማዬ፣ ቀሰቀስሽው!» ብላ ተቆጣችኝ።

ዶክተሯ ሽምብራውን በፋሻ ጠቅልላ ሰጠቻት። አፍንጫዋን በሁለቱም በኩል በመብራት አየች። ከአንድ ቀዳዳ ብቻ የሚሸት ፈሳሽ ከመጣ የቀረ ነገር ሊኖር ስለሚችል ተመለሱ አለችን። አንድ ነገር ደግሞ ለሌሎች ወላጆችም ንገሪ ብላኛለች፦ የገባው ክብ የሰዓት ባትሪ ከሆነ ቤት ውስጥ መሞከር የለም። በሰዓታት ውስጥ ሥጋ ያቃጥላል፣ ወዲያው ሐኪም ቤት መሮጥ ነው። የሪሞትና የአሻንጉሊት ባትሪዎቻችሁን ዛሬውኑ እዩልኝ። ዶክተርዬ፣ እጅሽ ይባረክ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እኛ ቤት ቡና አለ። የብሎካችን ሰው ሁሉ ይምጣ። የባጃጁን ልጅ ያገኘ ይዞት ይምጣ። ቁርሱ ዳቦ ነው፤ ቆሎ ግን ለጊዜው የለም።