ጥገኝነት ወይስ ጨዋነት?

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ስለ ጥገኛ የስብዕና መታወክ፣ ማለትም ሰው ያለ ሌላ ሰው መወሰንና መኖር ስለሚያቅተው የአእምሮ ጤና ችግር፣ ጥቂት ልበል። እኛ አገር ጎልማሳ ከወላጆቹ ጋር ቢኖር፣ ታላቁን ሳያማክር ባይወስን በሽታ አይደለም። ችግሩ ሰው ምን እንደሚለብስ እንኳ ብቻውን መወሰን ሲያቅተው፣ ብቻዬን እቀራለሁ ብሎ ዱላ ችሎ ሲቀመጥ ነው። መታወኩ አለ ለማለት የአሜሪካ ሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) ማኅበር መመሪያ ከ8 ምልክቶች ቢያንስ 5 ይጠይቃል።

እኛ ነርሶች የምንሳሳተው በደግነት ነው። ይህ ችግር ያለባት ታካሚ "ሲስተር፣ እርስዎ እንዳሉኝ" ስትል ደስ ይለንና እንወስንላታለን። እኔም አድርጌዋለሁ። "አንቺስ ምን ታስቢያለሽ?" ብሎ መጠበቅ ይሻል ነበር፤ መጀመሪያ ሻወር ወይስ ቁርስ የምትለዋን ምርጫ እንኳ ለእሷ መተው። ሕክምናው አልቆ የምንለያይበትንም ቀን ከመጀመሪያው መንገር ይገባል። ድንገት ሲሆን መለያየቱ ራሱ ሌላ ቁስል ይሆንባታል።

አንዲት ነርስ