የእንስሳት ጤና ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ግራና ቀኝ

ግቷ ያላበጠ፣ ወተቷ ያልጓጎለ፣ መኖዋን በደንብ የምትበላ ፍየል ታማ ከሆነ በምን ይታወቃል? ክበባችን ዓመቱን ሙሉ የያዘው ይህን ጥያቄ ነው። ድብቅ የግት በሽታ በዓይን አይታይም፤ ነገር ግን ወተት ይቀንሳል፣ በአላቢ እጅም ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይተላለፋል።

ሥራችንን የጀመርነው በ1957 እ.ኤ.አ. ለላሞች በተዘጋጀው የካሊፎርኒያ የማስታይተስ (የግት በሽታ) ምርመራ ነው። ጎድጓዳ ሰሐን ላይ ወተቱንና ወይን ጠጅ ቀለም ያለውን ፈሳሽ እኩል በእኩል አድርጎ ማዞር ነው። ፈሳሹ እንደ ሳሙና የነጭ የደም ሴሎችን ሽፋን ያፈርሳል፤ የሚወጣው ዲኤንኤ ሲበዛ ድብልቁ ይዝለገለጋል። ውጤቱ በሴኮንዶች ውስጥ ካልተነበበ ይጠፋል። ስለዚህ አንዱ ሲያዞር ሌላው መዝገብ ይዞ አጠገቡ ይቆማል።

በመጀመሪያው ወር ፍየሎቻችን በሙሉ ለማለት ይቻላል "ታማሚ" ሆነው ተመዘገቡ። ስህተቱ የእኔ ነበር፤ ለተማሪዎቹ የሰጠሁት የላም መመዘኛ ነው። ለላም በሚሊ ሊትር 200,000 ሴል ጥርጣሬ ያስነሳል። የጤነኛ ፍየል ወተት ግን ከዚያ በላይ ሊይዝ ይችላል፤ የመታለቢያ ጊዜዋ ወደ ማብቂያው ሲቃረብና አውራ ስትፈልግ ደግሞ ቁጥሩ ይጨምራል። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ "መምህር፣ የግቱን ሁለት ጎኖች ለምን አናወዳድርም?" ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ አሠራራችን ተለወጠ። የዕድሜና የወቅት ለውጥ ግራና ቀኙን አብሮ ይነካል፤ ኢንፌክሽን ግን ብዙውን ጊዜ በአንድ ጎን ይጀምራል። አንዱ ቀጥኖ ሌላው ከተዝለገለገ ያቺ ፍየል በድጋሚ ትታያለች።

የጥርጣሬው ማረጋገጫ የባክቴሪያ ካልቸር፣ ማለትም በወተቱ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ አብቅሎ መለየት ነው፤ እዚያ ላይ ብዙ ደከምን። የመጀመሪያዎቹ ናሙናዎች ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ አብቅለው ዋጋ አጡ፤ ያደገው የቆዳና የእጅ ቆሻሻ ነበር። ከዚያ ወዲህ የጡቱን ጫፍ በ70 በመቶ አልኮል ጠርገን እስኪደርቅ እንጠብቃለን፣ የመጀመሪያውን ወተት እንደፋለን፣ ቱቦውንም አቧራ እንዳይገባበት አጋድመን እንይዛለን። ክዳኑ መሬት አይነካም። እነዚህን ጥቃቅን ነገሮች ያለማንም ጉትጎታ የሚጠብቁ ልጆች በማየቴ ኮርቻለሁ።

በሁለተኛው መንፈቅ የአንዲት ፍየል ግራ ጎን ሦስት ሳምንት በተከታታይ ተዝለገለገ፤ ቀኙ አንድም ጊዜ አልተለወጠም። ካልቸሩ በፍየል ድብቅ በሽታ ላይ አዘውትረው የሚገኙትን ኮአጉሌዝ ኔጌቲቭ ስታፊሎኮከስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች አወጣ። ሕክምናውን የእንስሳት ሐኪሙ ያዘ፤ የእኛ ድርሻ እሷን ከሁሉም መጨረሻ ማለብና እጅ መታጠብ ሆነ። መዝገቡን አሁን የያዘችው ጥያቄውን ያነሳችው ተማሪ ናት፤ እያንዳንዱ ገጽ "ግራ" እና "ቀኝ" በሚሉ ሁለት ዓምዶች ተከፍሏል።