ከሪባኑ በፊት ስብሰባውን

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የትናንሽ ከተሞችን ዜና የምታወጡበትን ገጽ ሁሌም አነባለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የማየው ግን ሪባን ሲቆረጥ ወይ የመሠረት ድንጋይ ሲጣል ነው። ፎቶው ያምራል፤ አልጠላውም። ግን በጀቱን ማን አጸደቀው? ጨረታውን ማን አሸነፈ? ምክር ቤቱስ በስንት ድምፅ ወሰነ? እሱን የሚነግረን የለም።

"ትንሽ ከተማ ደግሞ ምን ዜና አለው?" የሚል ካለ የካሊፎርኒያዋን ቤል ያስታውስ። ነዋሪዋ 40 ሺህ እንኳ አይሞላም። ሥራ አስኪያጇ ግን በዓመት ወደ 800 ሺህ ዶላር ደመወዝ ይከፈለው ነበር! ጉዱን እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው ሎስ አንጀለስ ታይምስ ጋዜጣ ነው። ሰውየው በኋላ 12 ዓመት ተፈርዶበታል።

ባለሥልጣን ሁሉ ሌባ ነው ማለቴ አይደለም። እንዲያውም አብዛኛው ስብሰባ እንቅልፍ ያመጣል። ቢሆንም አንድ ዘጋቢ ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ ከኋላ ሲቀመጥ፣ ተናጋሪው ቃሉን መምረጥ ይጀምራል።

እስቲ አጀንዳውን ቀደም ብላችሁ፣ ውሳኔውን ደግሞ በማግሥቱ አውጡልን። የእግር ኳስ ውጤቱን ግን አደራ፣ እንዳትቀንሱብን።

አክባሪ አንባቢያችሁ