ለልጄ፦ በአያትሽ ቀብር ላይ ያልተነበበው

ደብረ ሲና፣ ሰኔ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ከሐዘኑ በቀር ደኅና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። በቀብሩ ዕለት ከቨርጂኒያ በስልክ ሆነሽ የአያትሽን የሕይወት ታሪክ ስታዳምጪ ቆይተሽ፣ ንባቡ እንዳበቃ «ይኸው ነው እንዴ?» ብለሽ የጠየቅሽኝ ከጆሮዬ አልወጣ ብሎኛል። አጎትሽን አትውቀሽው፤ ሌሊቱን ሲያለቅስ አድሮ ነው የጻፈው። ሆኖም ተወለደች፣ አገባች፣ ስድስት ልጆች አፈራች፣ የቤት እመቤት ነበረች ተብሎ መታለፉ እኔንም አሞኛል።

«የቤት እመቤት» የሚለው በቀበሌ መታወቂያዋም ላይ ተጽፎ ነበር። እኛን ያሳደገን ግን ቆሎዋ ነው። አባቴ ካረፈ በኋላ ሌሊት አሥር ሰዓት እየተነሣች ገብሱን ፈትጋና ቆልታ፣ ከሽምብራና ከሱፍ ጋር ቀላቅላ ትጠብቅ ነበር፤ ወደ ደሴ የሚወርዱት አውቶቡሶች የጣርማበርን ዋሻ አልፈውና ያን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ጨርሰው እዚህ ሲቆሙ፣ በብርዱም በዝናቡም ከመስኮቶቹ ሥር የምትገኘው እሷ ነበረች። እኔ በአሥራ አራት ዓመቴ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ስሄድ እንዳታየኝ መንገድ እቀይር ነበር። ይህን ለእሷ ሳልነግራት ስለቀረሁ ለአንቺ እነግርሻለሁ።

በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ ከወሎ በእግራቸው የተነሡ ሰዎች በሸዋ ሮቢት በኩል ዳገቱን ወጥተው ከተማችን ይደርሱ ነበር። እማዬ ለሽያጭ ያስቀመጠችውን ገብስ በሶ አስፈጭታ፣ በውኃና በጨው እየበጠበጠች ከደጃችን ላረፉት ሁሉ ታጠጣ ነበር። የተራበ ሆድ ጠንካራ እህል በአንድ ጊዜ እንደማይችል ማን እንደነገራት አላውቅም፤ መጀመሪያ ቀጭኑን፣ ቆይታ ወፍራሙን ነበር የምትሰጣቸው። ያን ሰሞን እኛም ልጆቿ ከእንጀራ ይልቅ በሶ ነበር የምንበላው፤ ስናጉረመርም ግን አንድም ቀን አልተቆጣችንም።

ከሁሉ በላይ እንድታውቂልኝ የምፈልገው ግን የሴቶች ዕድሩን ነገር ነው። በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ እማዬ በሠላሳ አምስት ዓመቷ ወንድሜን አዝላ ፊደል ቆጠረች። ማንበብና መጻፍ የቻለች ሴት በሰፈሩ ጥቂት ነበረችና የዕድሩን መዝገብ ያዢ አሏት፤ ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት አልፎም ደብተሩ ከእጇ አልወጣም። ጎሕ ሳይቀድ ጡሩምባ ሲነፋ ነጠላዋን አጣፍታ ቀድማ ትወጣና፣ ማን እንጀራ እንደሚጋግር፣ ማን ንፍሮ እንደሚቀቅል፣ ማን ከሐዘንተኛዋ አጠገብ እንደማይጠፋ ትደለድላለች። ለቅሶ ቤቱ የክርስቲያንም ይሁን የሙስሊም፣ ሁሉም ከአንድ ትሪ እንዲቀርብ ብላ ሥጋ አታስገባም ነበር፤ ሽሮና ምስር በቂ ነው ትል ነበር።

በሠልስቱ ማግስት የዕድሩ ገንዘብ ያዥ አሮጌዎቹን ደብተሮች ይዘውልኝ መጡ። ፊደሎቿ እንደ መጀመሪያው ቀን ትልልቅና የተራራቁ ናቸው። በየወሩ ከአንዳንድ ስሞች ጎን ትንሽ ነጥብ አለች፤ ትርጉሟን ጠየቅኋቸው። ገንዘብ ያዧ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ ነጥብ ያለባቸው መዋጮ ያጡ ሴቶች መሆናቸውን፣ ስማቸው በስብሰባ ላይ እንዳይነሣ እማዬ ከቆሎው እየከፈለች «ተከፍሏል» ብላ ትጽፍላቸው እንደነበር ነገሩኝ። አንዷ ባለ ነጥብ በቀብሩ ዕለት እንደ እብድ ሆና መሬት ስትወድቅ ያየኋት ጎረቤታችን ናት። እሷ ማን እንደከፈለላት ታውቅ ነበር፤ እኛ ልጆቿ ግን አላወቅንም። በእነዚያ ወራት ጫማዬ ተቀደደ ብዬ ስነጫነጭባት «ትንሽ ታገሺ» ያለችኝ ለምን እንደሆነ አሁን ገና ገባኝ፤ ቅሬታ ግን የለኝም፤ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው።

አርባዋ ሰኔ 23 ቀን ይውላል። የሐዋርያት ጾም ላይ ስለሆነ ዝክሩ የጾም ነው፤ እሷም ብትሆን ከዚህ ሌላ አታዘጋጅም ነበር። አጎትሽ የሕይወት ታሪኩን እንደገና እየጻፈ ነው፤ ደብተሮቹን ሰጥቼዋለሁ፤ የሴቶቹን ስም እንዳያነሣ ግን አስምዬዋለሁ። አንቺም የምታስታውሽው ነገር ካለ ከዚያ በፊት ጻፊልን። ቆሎውን ቆልቼ በሰው እልክልሻለሁ፤ እንደ እሷ ባይሆንልኝም ሱፉን አብዝቼበታለሁ።

የምትናፍቅሽ እናትሽ