ሰጋር ነው ተብሎ የተሸጠልኝ ፈረስ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ለመዝናኛ ፈረስ ስለሚገዙ የከተማ ሰዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሱሉልታ ቤቴ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ስለ መልኩ፣ ስለ ቁመቱ፣ ስለ ኮርቻው ጥሩ ብላችኋል። ስለ አካሄዱ ግን አንድ መስመር የለም። የእኔን ወገብ የጨረሰው ደግሞ እሱ ነው።

ዕድሜዬ 63 ነው። ጡረታ ስወጣ ያማረኝ ጠዋት ጠዋት በፈረስ ወደ እንጦጦ ጀርባ ወጣ ብሎ መመለስ ነበር። ጉግስ አልጫወት፣ ሽምጥ አልጋልብ። የፈለግሁት ሰጋር ነው፤ ሳያንገጫግጭ ለስለስ ብሎ የሚሄድ። የዛሬ ልጆች ሰጋር ሲባል በቅሎ ብቻ ይመስላቸዋል። ፈረስም እኮ ይሰግራል።

ፈረስ ሶምሶማ ሲሄድ የግራ የፊት እግሩና የቀኝ የኋላ እግሩ አብረው ይነሳሉ፤ ቀጥሎ ሌሎቹ ሁለቱ። በመሃል ለአፍታ አራቱም መሬት ይለቃሉ። ሰውዬው ከኮርቻው የሚነጥረው ያኔ ነው። ሰጋር ግን እግሩን አንድ በአንድ ነው የሚያስቀምጠው፤ ሁልጊዜም መሬት የያዘ እግር አለው። ድምፁም ይለያል። ሶምሶማ ሁለት ምት ነው፣ ሰጋር አራት። አባቴ ስለ በቅሎው ሲያወራ «ብርሌ ጠጅ ይዘህ ብትቀመጥባት ጠብ አይልም» ይል ነበር። ትንሽ ሳያጋንን አልቀረም፤ ጠጁን ግን ይወድ ነበር።

ጫንጮ ገበያ አንድ ደላላ ዳማ ፈረስ አሳየኝ። አንድ ጎረምሳ ተቀመጠበት፣ ልጓሙን ሰብሰብ አድርጎ ያዘ፣ ፈረሱም ሰገረ። ዓይኔ እያየ ሰገረ! 45 ሺህ ብር ቆጥሬ ሰጠሁ። በማግስቱ ራሴ ስቀመጥበት ሶምሶማ። ልጓም ስስብ አንገቱን ይወረውራል፣ ሳላላ ያንገጫግጨኛል። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ያን ዕለት ከሩቅ ተነድቶ መጥቶ ደክሞ ነበር፤ ጎረምሳውም ልጓሙን አጥብቆ ይዞ ነው ሰጋር ያስመሰለው።

ጥርሱንም አላየሁም። 6 ዓመቱ ነው አሉኝ፣ አመንኩ። ፈረስ 5 ዓመት ሲሞላው የፊት ጥርሶቹን ቀይሮ ይጨርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ዕድሜው የሚታወቀው በጥርሱ መበላትና መርዘም ነው። የእንስሳት ሐኪሙ አፉን ከፍቶ አየና ሳቀ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ከ15 አልፏል።»

የልጅ ልጄ በስልኩ አንድ ነገር አነበበልኝ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2012 ተመራማሪዎች ከስግሪያ ጋር የተያያዘ አንድ የዘር ለውጥ አግኝተዋል። የአይስላንድ ፈረሶችና ሌሎች ብዙ ሰጋር ዝርያዎች አላቸው አሉ። ነገሩ በአብዛኛው በደም የሚወረስ ነው ማለት ነው፤ ሥልጠና ያሳምረዋል እንጂ ከባዶ ማምጣቱ ይከብዳል። አባቴ ይህን ሳያነብ ገበያ ላይ መጀመሪያ የሚጠይቀው «እናቱ የታለች?» ብሎ ነበር። በቅሎም አባትህ ማነው ሲሉት እናቴ ፈረስ ናት ያለው ለካ ወዶ አይደለም።

አሁን ሌላ እያፈላለግሁ ነው። ይሄኛውን ግን ከገበያ አልገዛም፤ ባለቤቱ ቤት ድረስ በጠዋት እሄዳለሁ፣ ፈረሱ ሳይደክም። ኮርቻውን አስወርጄ ጀርባው ላይ ቁስል እንዳለ አያለሁ። ከዚያ ራሴ እቀመጥና ልጓሙን አላልቼ ከጓደኞቹ ለይቼ ብቻውን እወስደዋለሁ፤ ጠንካራ መሬት ላይ ምቱን ልቆጥር፣ ቁልቁለትም ላስወርደው። ባለፈው ሳምንት አንዱን እንዲህ ሞክሬ ከመንደሩ ሳንወጣ ዞሮ ወደ ቤቱ ይዞኝ ሮጠ። ባለቤቱ «ቤቱን ስለሚወድ ነው» አለኝ። ቤቱን ይውደድ፣ ተውኩለት።

ዳማው ግቢዬ ውስጥ አለ። ገብስና ፉርሽካ እየበላ ወፍሯል። ልሽጠው ብል ገዢው ስንት ዓመቱ ነው ማለቱ አይቀርም።

አንባቢያችሁ፣ ከሱሉልታ